ለወፍ ዋሻ ደን የቢራቢሮ ቆጠራ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአንኮበርና በደብረ ሲና አካባቢ የምንኖር መምህራን፣ ገበሬዎችና ወጣቶች በወፍ ዋሻ ደን ዳርቻ የሚገኙትን ቢራቢሮዎች በየዓይነታቸው ለይተን በየሳምንቱ ለመቁጠር ስለተነሣን እገዛችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አባቶቻችን ቢራቢሮው እንደ ልጅነታቸው ዘመን እንዳልሆነ ይነግሩናል፤ እኛም እናምናቸዋለን። ሆኖም የደኑ ዳር ለእርሻና ለባሕር ዛፍ ሲለቀቅ የትኛው ዓይነት እንደተጎዳና የትኛው እንደተቋቋመው በትዝታ ብቻ አይታወቅም። በብሪታንያ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃደኞች በተወሰነ መስመር ላይ በእኩል እርምጃ እየሄዱ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሜትር ተኩል ውስጥ ያዩትን ብቻ በየሳምንቱ በመመዝገባቸው፣ ከአገሪቱ ቢራቢሮዎች 80 በመቶ ያህሉ በብዛት ወይም በሥርጭት መቀነሳቸው ሊታወቅ ችሏል። እኛም በዚሁ ዘዴ በአምስት መስመሮች እንጀምራለን።

ስሙ ከተሳሳተ ግን ቆጠራው ዋጋ የለውም። ወፎች በመርዛማነቱ የሚሸሹት ብርቱካናማው ዳናውስ ክሪሲፐስና እሱን የምትመስለው የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ እንስት በቀላሉ ይምታታሉ፤ የመጀመሪያው በኋላ ክንፉ መካከል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች ሲኖሩት እሷ ግን በክንፏ ላይኛው ጠርዝ አንድ ብቻ አላት። በ1876 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ የመጣውን የጣሊያን ልዑክ በመራው በአንቲኖሪ ስም የተጠራው ፓፒሊዮ ዳርዳነስ አንቲኖሪም የራሱ ጠባይ አለው፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የዚህ ዝርያ እንስቶች ጅራት የሌላቸውና መርዛማ ቢራቢሮዎችን የሚመስሉ ሲሆኑ፣ የእኛ አገር እንስቶች በአብዛኛው እንደ ተባዕቶቹ ባለ ጅራት ናቸው። በአንድ መንገደኛ ስም በዓለም የታወቀውን ይህን ፍጥረት ልጆቻችን ዛሬም «ቢራቢሮ» ብቻ ብለው ማለፋቸው ከልብ ያስቆጨናል።

ስለዚህ ከምታደርጉት ልገሳ አብዛኛው የሚውለው ሳይንሳዊውን ስም በፊደላችን፣ ከጎኑም ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር የምንመርጠውን የአማርኛ ስም የያዘ ባለ ሥዕል መለያ መጽሐፍ ለማሳተም ነው፤ ጽሑፉን የዘርፉ ምሁራን ሳያርሙት አይታተምም። ቀሪው ቢራቢሮዎቹን ሳንገድል ፎቶግራፍ የምናነሣባቸውን ሁለት ካሜራዎች ለመግዛትና ከእርሻ ሥራቸው ቀንሰው ለሚቆጥሩ ወጣቶች አነስተኛ አበል ለመክፈል ይውላል። ገንዘቡ ከሦስት ሰዎች ፊርማ ውጭ አይወጣም፤ ወጪውም በየሦስት ወሩ ለለጋሾች ይገለጻል።

በውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆች፣ መጠኑ ምንም ይሁን ልገሳችሁን በደስታ እንቀበላለን። ገንዘብ ለመስጠት የማይመቻችሁ ደግሞ በአልበማችሁ ውስጥ በዚህ አካባቢ የተነሣ፣ ቢራቢሮ የሚታይበት የቆየ ፎቶግራፍ ካለ፣ የተነሣበትን ቦታና ዓመት ጽፋችሁ ላኩልን።