የአዳማዎቹ በሮች ጉዳይ

ጌችዬ እንዴት ነህ ወንድሜ? እማማስ? ልጆቹስ አድገው ይሆን፣ ትንሿ እንኳ ትምህርት ቤት ሳትገባ አልቀረችም። ጠፋህ እንዳትለኝ፣ አዎ ጠፍቻለሁ፣ አራት አመት ሊሞላው ነው። ቴሌግራም ላይ ኦንላይን መሆንህን አያለሁ፣ "ሰላም ነው" ብዬ እጀምርና አጥፍቼው እወጣለሁ። ስራ በዝቶብኝ ነው ብልህ ውሸት ነው። አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ እነግርሃለሁ ግን መጀመሪያ የት እንዳለሁ ልንገርህና ከዛ ትሰድበኛለህ።

ቨርጂኒያ ነኝ። እንደመጣሁ እንደማንኛውም ሀበሻ ፓርኪንግ፣ ከዛ ኡበር፣ ወገቤ እስኪቀር። ከዛ አንድ ቀን ያሳፈርኩት ሰውዬ እጄን አይቶ "አናጢ ነበርክ እንዴ" አለኝ፣ አውራ ጣቴ ላይ ያለችውን የመሮ ጠባሳ አይቶ ነው ብታምንም ባታምንም። በር የሚሰራ ሾፕ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ በሁለተኛው ሳምንት እኔም እዛው ገባሁ። ሚልወርክ ይሉታል እዚህ፣ በሩንም መስኮቱንም ደረጃውንም የግድግዳ ጌጡንም ጠቅልለው። የኛ ሾፕ በሩን ከነቴላዮው፣ ማለት ከነዙሪያ ፍሬሙ፣ ገጥሞ፣ ማጠፊያውን መትቶ፣ የቁልፉን ቀዳዳ በስቶ ነው የሚልከው፣ ሳይት ላይ ያለው ሰው አቁሞ በሊቬላ አስተካክሎ መምታት ብቻ።

አስራ ሁለት አመት መላጊያ ይዤ ኖሬ መጀመሪያ ያሉኝ ምን መሰለህ፣ ክላስ ግባ። ከሃያ አመት ልጆች ጋር። ደሜ ፈላ። የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ የበር ግራና ቀኝ! ቂጥህን ማጠፊያው ላይ አስደግፈህ ቁም፣ በሩ ወደ ግራ እጅህ ከተከፈተ ግራ ነው፣ ወደ ቀኝህ ከተከፈተ ቀኝ ነው፣ አለቀ። ሳቅኩኝ፣ ይሄን ለመማር ነው እንዴ ውቅያኖስ የተሻገርኩት ብዬ። በወሩ ለአንድ አፓርትመንት 22 በር ስሰራ ከውስጥ ቆሜ አስቤው ሁሉንም ገልብጬ መታኋቸው። ሃያ ሁለቱንም ጌችዬ። ሲከፈቱ የመብራት ማብሪያውን የሚሸፍኑ በሮች። ፎርማኑ አልጮኸብኝም፣ መጥቶ ጀርባውን ማጠፊያው ላይ አስደግፎ ቆመና ዝም ብሎ አየኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዛ በኋላ ነው ጆሮዬን የከፈትኩት። ልኩን እንኳ እንደ አዲስ ነው የተማርኩት፣ "ስሪ ኦ ሲክስ ኤይት" ሲሉህ 3 ጫማ በ6 ጫማ ከ8 ኢንች ማለት ነው፣ በኛ ወደ 91 በ203 ሳንቲም። የእሳት በር ደግሞ ሌላ አለም ነው፣ እሳት ሲነሳ ለስንት ደቂቃ እንደሚቋቋም ይለያል፣ የ20 ደቂቃ አለ የ45 አለ የ90 አለ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ምልክት ቀለም ከቀባህባት ወይ ከላጥካት በሩ የእሳት በር መሆኑ ቀረ፣ ኢንስፔክተሩ አይቀበልህም። እንደኛ እንደፈለጉ መላጊያ ማንሳት የለም።

አሁን በማታ የተመዘገበ የልምምድ ፕሮግራም ውስጥ ነኝ፣ አፕረንቲስሺፕ የሚሉት። በአመት 2,000 ሰአት ስራ ላይ፣ 144 ሰአት ደግሞ ክላስ፣ እየሰራህ እየተከፈለህ ነው፣ ደስ የሚለው እሱ ነው። ከሱ ሌላ ፓስፖርት የሚሉት ነገር አለ፣ የኤርፖርቱ አይደለም፣ የእንጨት ሰራተኛ የሙያ መዝገብ ነው፣ በፈረንጅ 2007 በተቋቋመ ድርጅት የሚሰጥ። እንደኛ አገር ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ፈተናው፣ አስበው ግን በየማሽኑ ነው። ገምጋሚው አጠገብህ ቆሞ ስትቆርጥ ያይሃል፣ መከላከያው አለ ወይ፣ እንጨቱን በእጅህ ነው በመግፊያ ነው የምትገፋው፣ ልኩ ወጣ ወይ። ያለፍከው ይመዘገብልሃል፣ ሾፕ ብትቀይርም ይከተልሃል። ጋሽዬ ስር ስድስት አመት ስንሰራ ማን ምን እንደሚችል የሚያውቀው ጋሽዬ ብቻ ነበር፣ እሱ ሲሞት እውቀታችንም ምስክራችንም አብሮ ተቀበረ፣ ነፍሱን ይማርና።

እንግዲህ ወደ ማፈሬ ልምጣ።

አንድ ማታ ክላስ ውስጥ ትምህርቱ የእንጨት እርጥበት ነበር። አስተማሪው ሁለት ሚስማር ያላት ትንሽ መለኪያ ጣውላ ላይ ሰካ፣ 7 አለች። እዚህ የቤት ውስጥ እንጨት ከ6 እስከ 8 ፐርሰንት ካልሆነ ሾፕ አይገባም። እንጨት እርጥበቱ ከ30 ፐርሰንት አካባቢ ሲወርድ ነው መጥበብ የሚጀምረው አለ፣ ቁመቱ ምንም አይሆንም ማለት ይቻላል፣ ወርዱ ነው የሚሄደው። 40 ሳንቲም ወርድ ያለው ጠርብ ትንሽ ሲደርቅ ግማሽ ሳንቲም ቢጠብ አይገርምም። ስለዚህ የበር ፓኔል፣ መሃሉን የሚሞላው ጣውላ፣ ፍሬሙ ላይ በተቦረቦረው ሩጋ ውስጥ ልቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ኮላ አይነካውም፣ እንደልቡ ይጥበብ ይስፋ። ዙሪያውን ኮላ ከቀባኸው መሄጃ ስለሌለው መሃሉ ይሰነጠቃል።

ጌች፣ እስኪርቢቶዬን አስቀመጥኩ። የአዳማዎቹ በሮች ናቸው ፊቴ የመጡት።

ዋንዛውን በሐምሌ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ዝናብ ሲመታው የከረመ። "ፓኔሉን ዙሪያውን ኮላ ግጠመው፣ እንዳይንኳኳ" ያልኩህም እኔ ነኝ። አንተ "ልቅ ይሁን" ብለህ ነበር፣ ጋሽዬ እንዲህ ነበር የሚያደርገው ብለህ፣ ለምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም ነበርና በጩኸት አሸነፍኩህ። ከአዲስ አበባ ብርድ አውጥተን አዳማ ሙቀት ውስጥ ተከልናቸው፣ በሶስት ወራቸው ተሰነጠቁ። በሮቹን ያዘዘን ሰውዬ ሲመጣ እፊቱ "እሱ ኮላ ቆጥቦ ነው" አልኩኝ። አንተ ዝም አልክ። ስድስቱን በር ከኪስህ ከፍለህ ደግመህ ሰራህ፣ እኔ ቪዛዬ ወጥቶ ሄድኩ። ይኸው ነው። ኮላው አላነሰም፣ እንዲያውም በዝቶ ነው።

ይቅርታ በቴክስት አይባልም ብዬ ነው ደብዳቤ ያልኩት፣ ያው ቴሌግራም ላይ ነው የምልከው ግን ረዘም ይበል ብዬ ነው። የስድስቱን በር ብር እልካለሁ፣ እንቢ ብትል እማማ ጋ ነው የምልከው።

አንድ ሌላ ነገር። ሾፕህ ውስጥ አራት ልጅ ይዘህ እያስተማርክ ነው ሲሉኝ ሰማሁ። መለኪያዋን አንድ ገዝቼልሃለሁ። እስክትደርስ ግን ከጣውላው ቁራጭ ቆርጠህ በሩ የሚገባበት ቤት ውስጥ አስቀምጥና በየሶስት ቀኑ በሚዛን መዝናት፣ ክብደቷ መቀነሱን ስታቆም የዛን ቤት አየር ለምዳለች ማለት ነው። የቀረው ጣውላህም እንደሷ እስኪሆን ጠብቅ። የኛ አገር ቁጥር 7 ላይሆን ይችላል፣ በሩ የሚኖርበት አየር ነው የሚወስነው፣ አዲስ አበባና አዳማ እንኳ አንድ አይደሉም። ለልጆቹ ለምን እንደሆነ ንገራቸው፣ እኛን ማንም አልነገረንም።

መለኪያዋን የያዘው ልጅ ለፋሲካ ይገባል፣ ቦሌ ሲደርስ ይደውልልሃል። ቁጥርህ ያው የድሮው ነው አይደል?