ደብዳቤ ለልጄ፦ እሺ ካልሽ፣ እሺ ብለሽ ጻፊ

ደሴ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ ብርዱ አልለቀው ብሏል። አባትሽም ደህና ነው። ለመስቀል ባለመምጣትሽ ሁላችንም ቅር ብሎናል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለሌላ ጉዳይ ነው። ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነበር። የሥራው ደብዳቤ ከደረሰሽ ስድስት ቀን ሆነው አለኝ። ደስታዬን አልነግርሽም፤ ስልኩን ይዤ ተንበረከክሁ። ከዚያ "መልስ ሰጠች ወይ?" ስለው ዝም አለ። አጥብቄ ስይዘው ነው የነገረኝ። "ቶሎ ከመለስኩ ሥራ የራባት እመስላለሁ። ደግሞስ ፈልገው ጠርተውኛል፣ እንደምመጣ ያውቃሉ" ብለሻል አሉ።

አያውቁም፣ ልጄ። ካልነገርሻቸው በምን ያውቃሉ? ዝም አትበይ።

ልቆጣሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ይሄን ነገር ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ ሰው ቤት ስንሄድ፣ የሚበላ ሲያቀርቡልሽ "በልቻለሁ በይ" እልሽ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ታች ሰፈር ያሉት እትዬ ትኩስ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ዘረጉልሽ። ዓይንሽ ዳቦው ላይ ነው፣ አፍሽ "በልቻለሁ" ይላል። ሦስቴ ለመኑሽ፣ ሦስቴ እምቢ አልሽ። በአራተኛው "ተቀበይ" አልኩሽ። ወደ ቤት ስንመለስ "ጨዋ ልጅ" ብዬ ግንባርሽን ሳምኩሽ። አምስት ዓመትሽ ነበር።

ለዳቦው ይሁን። ሰው ቤት "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" የሚል አለ። መሥሪያ ቤት ግን በሞቴ አይልም። አንዴ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ቀጣዩን ሰው ይጠራል።

ይሄን ከየት እንዳወቅሁት ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። በስልክ ብጀምረው "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት።

አዲስ አበባ ለሥልጠና ተጠርቼ እንደነበር ታውቂያለሽ። ለምን እንዳልተማርኩ ስትጠይቂኝ "አያትሽ ታመው ነው" እልሽ ነበር። እውነቱ እሱ አይደለም። አያትሽ ያኔ ጤነኛ ነበሩ።

ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው። 22 ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ደሴ ታይፕ እመታለሁ። ለአንድ ዓመት የጽሕፈት ሥራ ሥልጠና ተመርጠሻል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ከታች አንድ መስመር ነበረችው፦ ፈቃደኛ መሆንዎን እስከ የካቲት 30 ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁ። ደብዳቤውን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው። ለአያትሽ ባነብላቸው "ከጠሩሽ ጠሩሽ ነው። ሴት ልጅ ተሽቀዳድማ እሺ አትልም፣ ያስንቃል" አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ። እኔም ዝም አልኩ። በቁጠባዬ አረንጓዴ ሹራብ ገዛሁ። ያቺን ሹራብ ታስታውሺያታለሽ፣ አንቺ ድመትሽን ያስተኛሽባት ናት።

ቀኑ ሲደርስ ሻንጣዬን ይዤ 400 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ወረድኩ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮው በር ላይ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። ሰውየው ስሜን ጠየቀኝና ከመደርደሪያው ማህደር አወጣ። ከፈተው። ውስጡ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ለእኔ የላኩት ደብዳቤ ግልባጭ። "መልስዎ የለም" አለኝ። "ይኸው መጥቻለሁ እኮ" አልኩት። "ቦታው ለተጠባባቂ ተሰጥቷል" አለኝ። አልጮኸብኝም፣ አላንቋሸሸኝም። ማህደሩን ዘግቶ መለሰው።

ያ ማህደር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በላዩ ስሜ ተጽፏል፣ ውስጡ ከእኔ የወጣ አንዲት ቃል የለችም።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነገር ደግሞ ይሄ ነው። በዚያው ሰሞን ለሌላ ሰው ስንት የእሺታ ደብዳቤ መትቻለሁ። ዋናውንና ሁለት ግልባጭ፣ በካርቦን። ጣቴ ሰማያዊ እስኪሆን። "መቀበሌን በአክብሮት አሳውቃለሁ" የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እመታው ነበር። ለራሴ አንዲት ገጽ አልመታሁም።

ኋላ ሕግ ክፍል ተመደብኩ። አንድ ቀን ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ እየገለበጥኩ ቁጥር 1682 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አንድ ሰው ለውል ሐሳብ ሲያቀርብልሽ ዝም ማለትሽ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ሕግ ሆኖ ተጽፎ ነበር፣ እኔ ከመወለዴ በፊት! ዝምታ ወርቅ ነው እያልን አደግን፤ ይቺን አንቀጽ ግን የነገረን የለም። እኔ ለአንቺ እየነገርኩሽ ነው። ዝም አትበይ።

በይ አሁን ወደ ሥራው። ወንድምሽ እንዳነበበልኝ ከሆነ እስከ ዓርብ መስከረም 23 እንድትመልሺ ይጠይቃል። ይሄን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ይዞልሽ ይመጣል፤ ነገ ሌሊት ነው የሚነሳው። ረቡዕ ማታ ይደርስሻል። ሐሙስ ጠዋት ጻፊና ላኪ። ረጅም አይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምለው፦

ቀን፦ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን ሥራ መቀበሌን ስለማሳወቅ
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፋችሁልኝ ደብዳቤ በሂሳብ ሠራተኝነት እንድቀጠር ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በደብዳቤው በተገለጸው ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሥራውን በደስታ ተቀብያለሁ። ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025) ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት ላይ በሥራ ገበታዬ እገኛለሁ። ከዚያ በፊት የማቀርበው ተጨማሪ ማስረጃ ካለ እንድታሳውቁኝ በትህትና እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር

ስምሽ፣ ፊርማሽ፣ ስልክሽ። አለቀ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስጻፍኩሽ አውቄ ነው። የእነሱ ደብዳቤ በፈረንጅ ነው የተቆጠረው። በሁለት አቆጣጠር መካከል ስንት ሰው ቀጠሮ ሲያመልጠው አይቻለሁ። ሰዓቱንም እንደዚሁ፤ እነሱ 8፡30 ካሉ የእኛ 2፡30 ነው፣ ከሰዓት በኋላ መስሎሽ እንዳትቀሪ።

"ደብዳቤያችሁን ተቀብያለሁ" ብለሽ እንዳታቆሚ። ይሄን ልብ በይ። "ደብዳቤውን ተቀብያለሁ" ማለት ወረቀቱ ደርሶኛል ማለት ነው። "ሥራውን ተቀብያለሁ" ማለት እመጣለሁ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሁለት ፊት አለው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ወረቀት መድረሱን ብቻ ነግረሽ እሺ ያልሽ እንዳይመስልሽ፤ እሱም ያው ዝምታ ነው።

"ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብለሽም አትጀምሪ። አለቆቼ ሁሉ ይወዷት ነበር፣ እኔ ግን ስመታት አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ርዕሱ ከገለጸው ገልጾታል። ምን ሙከራ አለው? ምስጋናሽን አስቀድሚ፣ ቀጥለሽ እሺታሽን ተናገሪ። "ብቁ ባልሆንም" እያልሽ ራስሽን አታሳንሺ። እነሱ ከስንት ሰው መካከል አይተው ነው የመረጡሽ። ብቁ አይደለሁም ስትያቸው ምርጫችሁ ልክ አይደለም እያልሻቸው ነው።

የትራንስፖርት አበል ልትጠይቂ ማሰብሽንም ሰምቻለሁ። መጠየቁ ነውር የለውም። ግን እሺ በምትይበት ደብዳቤ ውስጥ "ነገር ግን" እንዳይገባ። እዚያው ሕግ ላይ ቁጥር 1694ን መትቼዋለሁ። እሺታሽ ላይ ቅድመ ሁኔታ ከጨመርሽ የቀረበልሽን እንደ መተው ይቆጠራል፤ አንቺ አዲስ ሐሳብ እንዳቀረብሽ ይሆናል። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ጥያቄሽን ጽፈሽ ያዢ፣ ሐሙስ 2፡30 ላይ ስልክ ደውለሽ በትህትና ጠይቂ። የሚሉሽን ስሚ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ጻፊ። አይሆንም ካሉሽ በዚያው ደመወዝ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም? እሱን ከመደወልሽ በፊት ከራስሽ ጋር ጨርሺ። እምቢም ካልሽ እምቢታሽን ጻፊላቸው። ብቻ ዝም አትበይ።

የላኩልሽን ደብዳቤም ደግመሽ አንብቢ። የሥራው ዓይነት፣ የሥራው ቦታ፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ጊዜ መጻፉን እይ። የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከዚያ በላይ ካሉሽ በጨዋ ቃል ጠይቂ። ፊርማሽ ያለበትን በፒዲኤፍ አድርገሽ በኢሜይል ላኪ፣ በስልክ የተነሳ ጠማማ ፎቶ አይሁን። አንድ ቅጂ አትመሽ ለራስሽ አስቀምጪ። የወረቀት ማህደር ግዢ፤ ብር ከሌለሽ ከወንድምሽ ውሰጂ፣ እኔ እከፍለዋለሁ።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ይሄኛው ከሥራው ይበልጥ ከነከነኝ።

ጓደኛሽ ለልጇ ክርስትና እናት ሁኚልኝ ብላሽ አንቺ በቴሌግራም ልብ ልከሽላት ጠፋሽ አሉ። ልብ ምን ማለት ነው? እሺ ነው? ደስ ብሎኛል ነው? ላስብበት ነው? እሷ አራስ ናት። ሌሊት እያጠባች ስልኳን እያየች መልስሽን ትጠብቃለች። የልጅቷ 80 ቀን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይሞላል። እሺ የማትይ ከሆነ ሌላ ሰው የምትለምንበት ጊዜ ያስፈልጋታል። ለምና ያጣች እንዳትመስል ደግሞ ሌላ ሰው ለመጠየቅም አፍራ ይሆናል። አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር እሷን ነው የምታሳፍሪያት።

ለእሷ "ጉዳዩ" እያልሽ አትጻፊ። በእጅሽ፣ በወረቀት ጻፊላት። በቅድሚያ ስለ ጤናዋ ጠይቂ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት። ከዚያ "ልጅሽን ልጄ አድርጌ ተቀብያለሁ" በያት። "እስቲ እግዚአብሔር ያውቃል" ብለሽ አታንጠልጥያት። እሺታሽን ስጪና ከዚያ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በይ። ቀሚሷን እኔ እሰፋላታለሁ በያት፤ እውነትም እኔ እሰፋዋለሁ፣ ነጭ ጨርቅ አለኝ። ደብዳቤውን ይዘሽ ሂጂ፣ አጥሚትም ይዘሽ ሂጂ። ክርስትና እናትሽ ለእኔ በወረቀት የመለሰችልኝን ታውቂያለሽ አይደል? ሳጥኑ ውስጥ አለ። አራት መስመር ናት። አንቺ በታመምሽበት ዓመት አውጥቼ አነባት ነበር። ብቻዬን እንዳልሆንኩ የምትነግረኝ እሷ ነበረች።

ልጄ፣ እኔ አሁን ጡረታዬን ወጥቼ ጓሮዬን እየኮተኮትኩ ነው። ሕይወቴ ከፋ አልልሽም። ያኔ ሠልጥኜ ቢሆን አባትሽን አላገኘውም፣ አንቺም አትኖሪም ይሆናል። እንደዚያ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን አንዳንድ ሌሊት ያ ሰውዬ ማህደሩን ሲከፍት አያለሁ። አንቺ ስሜን አትውረሺ አልልሽም፣ ያንን ማህደር ግን አትውረሺ።

ለጎረቤታችን ልጅ በሶና ሽሮ ሰጥቼዋለሁ። ሽሮው የታሰረው በቀይ ላስቲክ ነው፣ በሶው በሰማያዊ። የበሶው ላስቲክ ውስጥ ሁለት ፖስታና ነጭ ወረቀት አለ። አንዱ ለጓደኛሽ ነው። አንዱን አዲሱ ቢሮ በእጅ አምጪ ካሉሽ ትጠቀሚበታለሽ። በእጅ ከሰጠሽ ግልባጭሽ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ሳታስመቺ እንዳትወጪ።

ሐሙስ እስከ ምሳ ድረስ ስልኬን ከኪሴ አላወጣም። የጻፍሽውን እንድታነቢልኝ አልጠይቅሽም። "ላክሁ" በይኝ፣ ይበቃኛል።

እናትሽ