የድግስ ወጥን መልሶ ማፍላት ለምን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአዳማ ሙቀት ስላደረ የድግስ ምግብ የተለመደው ምክር «በደንብ አፍልታችሁ ብሉ» ነው። ስታፊሎኮከስ አውሬስ ለተባለው ምግብ መራዥ ባክቴሪያ ግን ይህ አይሠራም። ባክቴሪያው ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ሳይጎዳ ይኖራል፤ በእጅ፣ በተለይም መግል በቋጠረ የጣት ቁስል፣ ወደ ምግብ ይሻገራል። ለብ ባለ ወጥ ውስጥ ተራብቶ መርዝ ያመነጫል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ መርዙ ግን ሙቀትን ስለሚቋቋም እዚያው ይቀራል፤ የወጡ ሽታም ጣዕምም ላይለወጥ ይችላል። ትውከቱ ምግቡ ከተበላ በኋላ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው አጭር ጊዜ የሚጀምረው መርዙ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚገባ ነው። አንቲባዮቲክም (ብዙዎች ቢሮጡለትም) ለዚህ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው የወጣውን ፈሳሽ በኦ.አር.ኤስ (በውሃ በሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) መተካት ነው።

ትልቅ ድስት እንዳለ ማቀዝቀዣ ቢገባ እንኳ መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ለድግስ አብሳዮች ሁለት ነገር ቢያዝዝ መልካም ነው፦ ጣቱ የቆሰለ ሰው ምግብ እንዳይነካ፣ የተረፈው ወጥም በ2 ሰዓት ውስጥ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ።

ከአዳማ አንባቢ