ለምን ተነሣሽው ብዬሽ ነበር

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ሆዴ፣

እንደምን ሰንብተሻል ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፈርኩ። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሰነበተ አይባልም። እትዬ እንደምን አሉ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሰው በጠየቅሁ ቁጥር "ደህና ናቸው" ይለኛል፤ ከዚያ አልፌ ስላንቺ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱ አልነበረኝም።

እኔ ደህና ነኝ። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እየዞርኩ አስተረጉማለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ ይጠሩኛል። አብዛኛው ቀኔ በቤት ኪራይ ክርክርና ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዱ በተያዙ ሰዎች ያልቃል። ባለፈው ወር ግን አንድ ሌላ ዓይነት ጉዳይ ገጠመኝ። ጉዳዩን አልነግርሽም፤ ምለን የገባንበት ሥራ ነው፣ የሰማነውን እዚያው ትተን ነው የምንወጣው። ስለ ሕጉ ግን ልነግርሽ እችላለሁ፣ እሱ ማንም ሊያነበው የታተመ ነው።

ቨርጂኒያ ይህን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የሌላን ሰው ራቁት ምስል፣ ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ለማስገደድ፣ ለማዋከብ ወይም ለማስፈራራት ብሎ በክፋት ያሰራጨ ሰው እስከ 12 ወር ይታሰራል፣ እስከ 2,500 ዶላር ይቀጣል፣ ወይም ሁለቱም። በ2019 ደግሞ ተቀነባብሮ የተሠራ የውሸት ምስልም ተጨመረበት። ከእኔ ቤት ተነስተሽ የዊልሰንን ድልድይ ከተሻገርሽ ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ ያው ሥራ እስከ 2 ዓመትና እስከ 5,000 ዶላር ያስቀጣል። አሌክሳንድሪያ ቡና የሚጠጣው ሐበሻና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚጠጣው ሐበሻ ለአንድ ጥፋት ሁለት ዋጋ ይከፍላሉ።

ሳስተረጉም ያስቸገረኝ ቃሉ ነው። "ፈቃድ" ስል የሚመጣብኝ መንጃ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ ነው፤ ማኅተም ያለበት፣ ከመሥሪያ ቤት የሚሰጥ ነገር። አንዲት ሴት ስለ ገዛ ገላዋ "ይህን አንተ እይ፣ ሌላ ሰው አይይ" የምትለውን ቃል በዚያው ስም ልጠራው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለምስሉ ግን እናቶቻችን ቃል አላቸው፦ ገመና። ልብ ብለሽ ከሆነ በእነሱ አነጋገር የሚመሰገነው ገመና የሚከት ነው፣ የሚነቀፈውም ገመና የሚያወጣ ነው። ባለገመናዋን "ገመና ለምን ኖረሽ?" የሚላት የለም።

እኔ ግን አልኩሽ።

ሚያዝያ 2010፣ የትንሣኤ ሰሞን፣ ደውለሽልኝ እያለቀስሽ "ፎቶዬን ለቀቀብኝ" ስትዪኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር "ቆይ፣ ለምን ተነሣሽው?" ነበር። ዝም አልሽ። ከዚያ ጣቢያ ሄደሽ የሆነውን ነገርሽኝና ስለ ሌላ ነገር አወራሽኝ፣ ስለ በዓሉ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

ባለፈው ወር ያ ጉዳይ የገጠመኝ ቀን ከችሎት ወጥቼ ማታ ሕጎቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። ግንቦት 11 ቀን 2017 የተፈረመው የመላው አሜሪካ ሕግ፣ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባለው፣ አዋቂ ሰው ላይ ይህን ያደረገ እስከ 2 ዓመት ያስራል። ድረ ገጾቹና መተግበሪያዎቹም ተበዳዩ ካመለከተ በ48 ሰዓት ውስጥ ምስሉን የማንሳት ግዴታ አለባቸው፤ አሠራሩን እንዲዘረጉ አንድ ዓመት ተሰጥቷቸዋል። ውስጡ ሁለት አጫጭር ሐረጎች አሉ። ምስሉ እንዲነሣ መፍቀድ እንዲወጣ መፍቀድ አይደለም ይላል አንዱ። ለአንድ ሰው ማሳየትም ለሁሉ ይውጣ ማለት አይደለም ይላል ሌላው። ሦስቴ አነበብኳቸው። ያኔ ለጠየቅሁሽ ጥያቄ ሕግ አውጪዎቹ ቁጭ ብለው መልስ የጻፉ ነው የመሰለኝ።

"ያኔ እኛ ጋ ሕግ የት ነበር?" እንዳትዪኝ፣ ነበረን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። አንቀጽ 13 የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል ያሰራጨን ሰው፣ ተበዳዩ አቤት ሲል፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ጣቢያ ሄደሽ መዝጋቢው የጠየቀሽን በዚያው ስልክ ነግረሽኛል፦ "ፎቶው ያንቺ ነው ወይስ የተቀነባበረ?" የኔ ነው አልሽ። "ታዲያ እውነት ከሆነ ምኑ ላይ ነው ስም ማጥፋቱ?" ብሎ መዝገቡን ከደነ።

መዝጋቢው ባለጌ ነበር፣ ይሁን። ግን ከባለጌነቱ ሌላ ቃሉም አግዞታል። ሕጉ የሚያወራው ስለ ስም ነው፤ እሺ ብለሽ እንደሆነ የሚጠይቅ ቃል የለበትም። ለመክሰስ "ገላዬ መታየቱ ስሜን አጎደፈው" ብለሽ በራስሽ አፍ መናገር ነበረብሽ። አንቺ ደግሞ አትዪም፤ አውቅሻለሁ። ያ የተውሽው ሰውዬ ፎቶውን ከመልቀቁ በፊት "ካልተመለስሽ እለቀዋለሁ" እያለ ስንት ጊዜ አስፈራራሽ? ማስፈራራትን የሚመለከት ንዑስ አንቀጽ እዚያው አንቀጽ 13 ውስጥ ነበር፣ ነገሩ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያደርስ። ከዚያ መጀመር ይቻል ነበር። ማንም አልነገረሽም። እኔ ያኔ አዋጁ መኖሩንም አላውቅም።

እዚህ ደግሞ ነገሩን "ሪቬንጅ ፖርን" ይሉታል፣ የበቀል ወሲብ ምስል እንደማለት። በጣም የሚያናድደኝ ስም ነው። በቀል የሚባለው እኮ በደል ሲቀድመው ነው። አንቺ ምን በደልሽው? ተውኩህ አልሽው፣ ሌላ ምንም።

አንድ የኢሊኖይ ጉዳይ ላውራሽና ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። አንዲት ሴት እጮኛዋ ከጎረቤታቸው ጋር የተላላከውን፣ ከነፎቶው፣ በጋራ አካውንታቸው አየች። ሲለያዩ ሰውዬው ለዘመድ አዝማድ እብድ ናት፣ ምግብ መሥራት ትታለች ብሎ አወራባት። እሷም የራሷን እውነት በደብዳቤ ጽፋ፣ መልእክቶቹንና አራት የጎረቤቲቱን ራቁት ፎቶዎች አያይዛ ላከች። ተከሰሰች። የኢሊኖይ ሕግ ክፉ ሐሳብ ነበረሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ምስሉ ተደብቆ እንዲቆይ የታሰበ መሆኑን ሰው ሊያውቅ ይገባ እንደነበርና ባለቤቲቱ አለመፍቀዷ ይበቃዋል። ጉዳዩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ 5 ለ 2 ሕጉን አጸኑት። መጀመሪያ ሳነበው ያዘንኩት ለላኪዋ ነበር። እኔም ብሆን አደርገው ነበር አልኩ። የጎረቤቲቱን ነገር ያሰብኩት ቆይቼ ነው፤ ፎቶዋ ያልጠበቀችው ዘመድ እጅ ሲገባ፣ ላኪዋ ክፉ ትሁን ደግ ለእሷ ምን ይለውጥላታል?

ሆዴ፣ የጠፋሁት በዚያች ጥያቄዬ ብቻ አይደለም። ፎቶሽ ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ከሰፈር ግሩፕ ነው የመጣልኝ፣ ከመደወልሽ አንድ ቀን በፊት። ከፈትኩት። አንቺ መሆንሽን ካየሁ በኋላም ወዲያው አልዘጋሁትም። ከዚያ ለታላቅ እህቴ ላክሁላት፣ "ምን እናድርግላት?" የሚል ጽፌበት። በልቤ ላንቺ መጨነቄ ነበር፣ ይህን አምላክ ያውቃል። በቨርጂኒያው ሕግ ቢሆን ንጹሕ ነኝ፤ ማስገደድም ማዋከብም አላሰብኩም። በኢሊኖዩ ግን እንዲህ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ደውለሽ ስታለቅሺ "ለምን ተነሣሽው" ያልኩሽም፣ አሁን ሳስበው፣ ስልኬ ውስጥ የላክሁት መልእክት ስለነበር ይመስለኛል። ጥፋቱ ካንቺ ካልጀመረ እኔንም ሊነካኝ ነበረ።

አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ካለ ልንገርሽ። ስቶፕ ኤን ሲ አይ አይ የሚባል አሠራር አለ፣ እንግሊዝ አገር ያለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የጀመረው። ፎቶውን ለማንም አትልኪም፤ ስልክሽ ላይ እንዳለ ምስሉን እንደ አሻራ ወደሚያገለግል ቁጥር ይለውጠውና ቁጥሩን ብቻ ይወስዳል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ ቁጥር ምስሉን ለይተው ያግዳሉ። ፎቶውን ስልክሽ ላይ አስቀምጠሽ እንደሁ ግን እንጃ፤ ማን ያስቀምጣል? ሁሉንም ቦታ እንደማይሸፍንም አውቃለሁ፣ ያንቺ የወጣው ደግሞ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ነው።

ትናንት ማታ ለእህቴ ደወልኩላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት፣ ለማን ለማን እንደላከችው። መጀመሪያ ተቆጣች፣ "አሁን ይህን ማንሳት ምን ይባላል" አለች። ከዚያ ሦስት ሰዎች ነገረችኝ። ሁለቱን ታውቂያቸዋለሽ። ስማቸውን ከፈለግሽ እጽፍልሻለሁ፣ ጣቢያም ከሄድሽ የላክሁት እኔ መሆኔን በፊርማዬ እሰጣለሁ። አልፈልግም ካልሽ ወረቀቱ እኔው ጋ ይቀመጣል።

ለእትዬ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ከፈለግሽ።

ያንቺው