ክብደቷን እንጂ ጉበቷን አላያችሁላትም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። በጤና አምዳችሁ ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁትን ጽሁፍ እናቴ በመቀስ ቆርጣ አስቀምጣው አገኘሁት፣ ያውም መሀረብ ውስጥ ከቋጠረቻቸው ያልተዋጡ ኪኒኖች ጋር። ክብደት የሚጨምር መድሀኒት ለስኳር ታማሚ ጥሩ አይደለም የሚለው መስመር በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ለምን ተውሽው ስላት "አትወፍሪ እየተባልኩ የሚያወፍር ኪኒን ልዋጥ?" አለችኝ፣ መልስ አጣሁላት። በዛ ሰሞን የቀሚሷ ዚፕ አልዘጋ ብሏት ነበር፣ ሶስት ኪሎ ጨምራለች። ሜትፎርሚን ብቻውን ስላልበቃት የተጨመረላት ፒዮግሊታዞን ነው፣ ግን እንደሚያወፍርም ለምን እንደሚያወፍርም ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው የለም።

እኔም ከዛ በኋላ ነው ነገሩን ጠይቄ አንብቤ የተረዳሁት። ኢንሱሊን ስራው ስኳርን ወደ ህዋስ ማስገባት ብቻ አይደለም፣ የስብ ህዋሶችን የያዛችሁትን ስብ አትልቀቁ ብሎ የሚያዘውም እሱ ነው፣ አይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ህዋሶቹ ትእዛዙን በደንብ ስለማይሰሙ ፋቲ አሲድ (ስብ ሲፈርስ የሚወጣውን) ሌት ተቀን ወደ ደም ይለቃሉ፣ ያ ደግሞ ማረፊያ ሲያጣ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ስብ የሞላው ጉበት ኢንሱሊንን አልሰማ ይላል፣ ሰውዬው ምንም ሳይበላ ስኳር እያመረተ ይለቃል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብም ከፍ ያደርገዋል። ማታ ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት ስኳሬ ለምን ጨመረ የሚሉ ሰዎች አንዱ ምክንያታቸው ይሄው ጉበት ነው።

ፒዮግሊታዞን የሚሰራው በዋናነት እዛው ስቡ ላይ ነው። ፒፓር ጋማ የሚባል የስብ ህዋስ ውስጥ ያለ ተቀባይ (መልእክት ተቀብሎ ህዋሱን የሚያሰራ ፕሮቲን) ይቀሰቅስና ኢንሱሊን በደንብ የሚሰሙ አዳዲስ ትናንሽ የስብ ህዋሶች እንዲበስሉ ያደርጋል፣ እነሱም ደም ውስጥ የሚዞረውን ፋቲ አሲድ ሰብስበው ቆዳ ስር ያስቀምጡታል። የጉበት ስብ ይቀንሳል፣ ትራይግሊሰራይድ ይወርዳል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል ይጨምራል። ሚዛኑ እየጨመረ ጉበቱ ግን እየቀለለው ነው ማለት ነው! ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይሆን ሙሉ ውጤቱ ሳምንታት አንዳንዴም ሁለት ሶስት ወር ይፈጃል፣ እናቴ የተወችው ገና መስራት ሲጀምር ነው። ስብ ሁሉ ጠላት ቢሆንማ ሊፖዲስትሮፊ ያለባቸው፣ ቆዳቸው ስር ስብ የማይጠራቀምላቸው ሰዎች ከሁሉም ጤነኛ በሆኑ ነበር፣ እነሱ ግን ቀጭን ሆነው ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ ከባድ ስኳር ይይዛቸዋል።

መድሀኒቱ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። የሚጨምረው ኪሎ ሁሉ ስብ አይደለም፣ ኩላሊት ጨውና ውሀ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ከፊሉ ውሀ ነው፣ ልቡ ለደከመ ሰው ደግሞ ይሄ አደገኛ ነው፣ አሜሪካም በ2007 (በፈረንጆቹ) ከባዱን ማስጠንቀቂያ የለጠፈችበት ለዚህ ነው። ሴቶች ላይ የአጥንት ስብራት ያበዛል። የዚሁ ዘር የሆነው ትሮግሊታዞን ጉበት ስለጎዳ በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ታማሚው ማወቅ ያለበት ስብና ውሀን መለየት ነው፣ ቁርጭምጭሚትን በአውራ ጣት ጫን አድርጎ ሲለቁት ጉድጓዱ ከቀረ፣ ኪሎው በጥቂት ቀን ውስጥ ከዘለለ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረ ቶሎ ሀኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ መሀረብ ውስጥ መደበቅ አይደለም።

እናቴን ወሰድኳት፣ ሀኪሙ እግሯን ተጭኖ አየ፣ ጉድጓድ የለም፣ ልቧንም አስመረመራት፣ ከዛ ዶዙን ዝቅ አድርጎ አስጀመራት። አሁን የምለምናችሁ ስቡ የት እንደሚሄድ የሚያስረዳ ጽሁፍ በሀኪም አስጽፋችሁ እዛው አምድ ላይ እንድታወጡልን ነው። እኔ ከምነግራት የናንተን ጋዜጣ ነው የምታምነው፣ መቀሱም አጠገቧ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ