«ጠፍቷል» ያላችሁት ቀይ ቀበሮ እኛ ጋ አለ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ አጥቢ እንስሳት መጥፋት ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት በተማሪዬ ስልክ ነው። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰኞ ጠዋት ገና ክፍል ከመግባቴ ልጁ ስልኩን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ቀይ ቀበሮ ወሎ ውስጥ ጠፋ እንዴ? እርስዎ አለ ብለውን ነበር» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ዝም ብሎ አየኝ።

ዘገባውን አንባቢ ስላየው አልደግመውም። በዘገባው የተናገሩት ተመራማሪ የሰው ልጅ በአጥቢዎች ላይ ስላሳደረው ጫና ባስረዱት ላይ ምንም ጠብ የለኝም። ትልልቆቹ እንስሳት ቀድመው እንደሚያልቁ፣ እርሻ፣ አደንና በሽታ ተደጋግፈው እንደሚመጡ እኔም አስተምራለሁ። ጠቤ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። በወሎ ደጋዎች የነበረው ቀይ ቀበሮ ደኑ በመጨፍጨፉ ጠፍቷል ትላለች። ከዚያ ያለበትን ስትዘረዝር ባሌ፣ አርሲ፣ የሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ብላ ታቆማለች።

መጀመሪያ፣ አልጠፋም። ደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሰሜን ወሎ ደግሞ ከላሊበላ በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ይህ ምስጢር አይደለም። ስለ ቀይ ቀበሮ የጻፈ ተመራማሪ ሁሉ ሁለቱን ቦታዎች ያውቃቸዋል። ጋዜጠኛችሁ አንድ ስልክ ቢደውል ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። ቀይ ቀበሮ የደን እንስሳ አይደለም! የሚኖረው ከዛፉ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ገላጣ የውርጭ ደጋ ላይ ነው። ጓሳ ሣር፣ ጅብራ፣ አስታ ባለበት። ምናልባት ያሳሳታችሁ ስሙ ይሆናል። የቦረና ሳይንቱን ፓርክ እኛ በልጅነታችን «ደንቆሮ ጫካ» ነበር የምንለው። ጫካውማ አለ፤ ጉሬዛውና ድኩላው እዚያ ናቸው። ቀበሮው ግን ከጫካው በላይ ሜዳው ላይ ነው። ዛፍ ቢቆረጥ ሌላ ጉዳት አለው፤ እሱን ግን ከቤቱ አያስወጣውም።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያስወጣው? የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። በቀን ብርሃን፣ ብቻውን እየዞረ ከጉድጓድ አፍ ላይ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሜዳው ሲታረስ ጉድጓዱ ይፈርሳል፣ አይጡ ይሄዳል። ከብት ሲበዛበት አፈሩ ይጠጥራል፣ ሣሩ ያጥራል፣ አይጡ ያንሳል። አይጥ ሲያንስ ቀበሮ ያንሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ምሳር ሳይሆን ማረሻ ነው። ይህን ለይታችሁ ብትጽፉ ኖሮ አንባቢው ምን መደረግ እንዳለበትም ይገባው ነበር። «ደን ተጨፈጨፈ» ካላችሁት ግን ነገ አንዱ ተነሥቶ ችግኝ ይዞ ይመጣና ጓሳው ላይ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። ያኔ ነው በእውነት የሚጠፋው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት አልሸሽግም። አባቴ ከሜዳው ጫፍ ላይ ገብስ ዘርቷል። የኛ ደጋ በበልግ ነው የሚኖረው። በልግ ሲቀር ሰው ወደ ላይ ይወጣል፤ ታች ያለው መሬት ለልጆች ተከፋፍሎ አልቋልና። ጭላዳ ገብሱን ሲያወድምብን እኔና ወንድሜ ቀኑን ሙሉ በወንጭፍ ስናባርር እንውል ነበር። ቦታው ተከልሎ ግጦሽ ሲከለከል የኛም ላሞች ከለመዱት ሜዳ ወጡ። እናቴ ሁለቱን ሸጠች። የእርጎው ቅል ተሰቅሎ ቀረ። እንግዲህ ለዚህ እንስሳ ላም የሸጠች ሴት አለች ማለት ነው። የእናንተ ዘገባ ግን ስለ «አካባቢው ገበሬ» ሲያወራ አጥፊ ብሎት ያልፋል። ዋጋ የከፈለውን ሰው አንድ ቃል አልሰጠውም።

ደግሞ በጉን የሚበላብን ማን እንደሆነ በደንብ እናውቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ጅብና ተራው ቀበሮ ነው። ቀዩ ግልገል ነጥቆ አያውቅም አልልም፣ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱን ቀበሮ የማይለይ ሰው ቀዩን በሌላው ጥፋት ይገድለዋል። እናንተም ከዘገባው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ የተራውን ቀበሮ ነው! ቀዩ ረጅም ቅልጥም፣ ሹል አፍ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ጅራት አለው። የኛ መንደር እረኛ በሁለት መቶ ሜትር ይለየዋል።

ስለ ፎቶ ካነሣሁ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ አገር ቤት ሄጄ በስልኬ ቀዩን አነሣሁት። ደስ ብሎኝ ለአንድ የዜና ድርጅት ላክሁ። የእናንተ አይደለም። «ጥራቱ አነስተኛ ነው፣ የሰሜን ፎቶ አለን» የሚል መልስ መጣ። ሰሜንን አልጠላም። የእንስሳው የሳይንስ ስም ራሱ ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ ነው። ግን ወሎ ያለውን ቀበሮ በሰሜን ፎቶ ሸፍናችሁ፣ ቆይታችሁ ደግሞ ወሎ የለም ትሉናላችሁ። የኛ አገር ስም ጋዜጣ ላይ የሚወጣው በ66ቱና በ77ቱ ድርቅ ብቻ መሆኑ ከልቤ ያመኛል። ወሎ ሲባል የተራቆተ መሬት ብቻ የሚታየው ሰው፣ እዚያ ብርቅ እንስሳ ይኖራል ቢሉት እንዴት ያምናል?

አሁን ወደ ቃሏ ልመለስ። «ጠፍቷል»። በኛ ቋንቋ «ጠፋህ» የምንለው ሳይጠይቀን ለቆየ ዘመድ ነው። በባዮሎጂ ግን ቃሉ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1500 ወዲህ ወደ 80 የሚጠጉ የአጥቢ ዝርያዎች ከምድር ገጽ ጠፍተዋል። የስቴለር የባሕር ላም የምትባለው በ1741 ለሳይንስ ታወቀች፣ በ1768 አለቀች። ሃያ ሰባት ዓመት ብቻ። ከአንድ አካባቢ መጥፋት ደግሞ ሌላ ነው። ቀይ ቀበሮ ከጎጃሙ ጮቄ ተራራና ከሰሜን ሸዋው ጎሽ ሜዳ ጠፍቷል። እነዚህን መጻፍ ትችሉ ነበር። እውነት ናቸው፣ ያሳዝናሉም። የኛው ግን ሊጠፋ የተቃረበ እንጂ የጠፋ አይደለም። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለኛ የሞትና የሕይወት ያህል ነው። የጠፋን ነገር ማን ይጠብቃል? ማን በጀት ይመድባል?

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳን አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በሸለቆው ከነበሩት ከአራት ሦስት እጁን ጨረሰ። ባሌ ብዙ ስለሆኑ ቁጥራቸው መልሶ አገገመ። የኛዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ዙሪያቸው እርሻ ነው። የጣና ደሴት ሰው በታንኳ ይሻገራል። የኛ ቀበሮ መሻገሪያ የለውም። አንዴ በሽታ ከገባ አለቀ። በሽታውን የሚያመጣው ደግሞ ውሻ ነው፤ በኛ ደጋ ከጅብ የተነሣ ውሻ የሌለው ቤት የለም። እና ለመንደራችን ውሾች ክትባት ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ለከብት እንጂ ለውሻ የተያዘ የለም» ተባልኩ። ነገ ተመልሼ ስሄድ ደግሞ የእናንተን ዘገባ አውጥተው «ቀበሮውም የለም ተብሏል» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡልኝ። ቦረና ሳይንትና አቡነ ዮሴፍ በስማቸው ይጻፉ። ፎቶውን ቀይሩት። ከቻላችሁ ደግሞ ጋዜጠኛውን ላኩት። ከደሴ በአቀስታ በኩል ነው መንገዱ። ወፍራም ጋቢ ይያዝ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በጣም ማልዶ መውጣት አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው አይጡ የሚወጣው፣ ቀበሮውም ያኔ ይመጣል። ቀበሮው ሲያድን ሲያየው ድምፅ አያሰማ። ቤታችን ይረፍ፣ ቡና አይጠፋም።

እናቴ ስደውልላት ከላሞቿ በፊት የምትነግረኝ ስለ እሱ ነው። «ቀዩ ትናንት ከጓሳው ዳር ነበር» ትለኛለች። ማንበብ አትችልም። እርማቱ ሲወጣ እኔ አነብላታለሁ። ያለፈውን እሑድ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።

የባዮሎጂ መምህር
ከደሴ