ማሽኑን ስትገዙ ቱቦውንም አስቡበት

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ የሕክምና መሣሪያዎች ግዢ ክፍል

የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። አዲስ የመተንፈሻ ማሽን ሲመጣ ደስ ይለኛል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ብቻውን መምጣቱ ነው። አብረውት መምጣት የነበረባቸው ጥቃቅን ዕቃዎች "ተጨማሪ" ተብለው ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ።

ከአንድ ኪሎ በታች ለሚመዝን ሕፃን ወደ አየር ቧንቧው የምናስገባው ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር የሚሆን አክታ ዙሪያውን ቢለጠፍበት 2 ይቀረዋል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ አየሩ ለማለፍ ግን ከእጥፍ በላይ ይቸገራል። ስሎ እንዳያወጣው ሕፃኑ አቅም የለው።

አክታው የሚደርቀው አየሩ ሳይሞቅና ሳይረጥብ ሲገባ ነው። ይህ የአፍንጫ ሥራ ነበር፤ ቱቦው ግን አፍንጫን አልፎ ይሄዳል። አየሩን ወደ 37 ዲግሪ አሙቆ የሚያረጥብ መሣሪያ ያልተገጠመለት ማሽን ለእኔ ገና ተገዝቶ አላለቀም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ዝምታው ነው። በግፊት የሚሠራ ማሽን ቱቦው ቢደፈንም የታዘዘውን ግፊት ይሰጣል። ስክሪኑ ላይ የግፊቱ ቁጥር ልክ ነው፣ የግፊት አላርሙም አይጮህም። የሕፃኑ ደረት ግን አይነሳም። የአንድ ኪሎ ሕፃን አንድ ትንፋሽ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ናት። ያቺ እንደቀረች ቶሎ የሚነግረን ቱቦው አፍ ላይ የሚገጠመው የአየር ፍሰት ሴንሰር ነው። እሱ ከሌለ የምንነቃው ኦክስጅኑ ሲወርድ፣ ባስ ሲልም የልብ ምቱ ሲቀንስ ነው።

አክታውን ስቦ የሚያወጣው የሳክሽን ቱቦም አለ። በ2.5 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ውስጥ ለማስገባት 5 ወይም 6 ቁጥር ያስፈልጋል። 8 ቁጥር ከነጭራሹ አይገባም። መጋዘን ውስጥ ግን 8 ቁጥር በካርቶን ተከምሮ 6 ቁጥር ይጠፋል። ይህን የሚያዝዘው ሰው አንድ ቀን እኛ ክፍል ቢውል ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨረታ ማሞቂያና ማርጠቢያው፣ ሴንሰሩ ከነመለዋወጫው፣ ትክክለኛ ቁጥር ያላቸው የሳክሽን ቱቦዎች ከማሽኑ ጋር በአንድ ውል ይግቡ። ርክክብ ሲደረግም ክፍሉ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ሳታይ አይፈረም። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት እኔም ባልደረቦቼም ፈቃደኞች ነን። ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።